ሰይፍ ያገባል፤ መዝገብ ያቈያል

ጥቂት ሰዎች ከውጭ መጥተው፥ ቋንቋቸው ሌላ፥ ሃይማኖታቸው ሌላ፥ ልማዳቸውም ሌላ ሲሆን፥ በሚሊዮን የሚቈጠረውን ሕዝብ ሁለት መቶ ዓመት ያህል የገዙት እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ በታሪክ ትምህርት ሰዓት በየዓመቱ ይነሣል። የሚሰጠውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው። «በጉልበት ነዋ!» ይላል አንዱ ተማሪ። «ከፋፍሎ በመግዛት ነው» ይላል ሁለተኛው። ሁለቱም መልሶች ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን ሁለቱም ግማሽ መልሶች ናቸው። ጉልበት ከተማን ይይዛል፤ የተያዘው ከተማ ግን በማግሥቱ ግብር እንዲከፍል፥ ገበያውም እንዲቆም፥ ባላገሩም እርሻውን እንዲያርስ ለማድረግ ጉልበት ብቻውን አይበቃም። መከፋፈልም ቢሆን ተቀናቃኝን ያዳክማል እንጂ ለንጉሡ የሚዘምት ጭፍራና ሒሳብ የሚይዝ ጸሓፊ አያስገኝም።

ለዛሬው ጽሑፌ ምሳሌ የመረጥሁት በሕንድ አገር የነበረውን የሙጋል መንግሥት ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ይህ መንግሥት የብዙ ቋንቋና የብዙ ሃይማኖት ሕዝብ በአንድ ዙፋን ሥር ካሰባሰቡት የዚያ ዘመን መንግሥታት በሕዝብ ብዛትም በሀብትም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበረ። ሁለተኛ፥ በታሪኩ መካከል ከእኛው አገር ተወልዶ የሄደ አንድ ሰው ቆሞ እናገኘዋለን፤ እርሱንም በቦታው እንደርስበታለን። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

የመንግሥቱ መሥራች ባቡር ይባላል፤ ስሙ ከምድር ባቡር ጋር ቢገጣጠምም ዝምድና የላቸውም። የተወለደው በመካከለኛው እስያ በፈርጋና ሲሆን፥ በአባቱ የታመርላን፥ በእናቱ የጄንጊስ ካን ዘር ነበረ። ሳማርካንድን ይዞ ለማቈየት ደጋግሞ ሞክሮ ስላልሆነለት በ1504 ካቡልን ያዘ፤ ከዚያም ዐይኑን ወደ ሕንድ አዞረ። በ1526 በሚያዝያ ወር ከዴልሂ በስተሰሜን ባለው በፓኒፓት ሜዳ ከሱልጣን ኢብራሂም ሎዲ ጋር ተጋጠመ። ባቡር ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ የእርሱ ሰዎች 12,000 ብቻ እንደ ነበሩ፥ የጠላቱ ጦር ግን 100,000 እንደ ተገመተ ይናገራል። ድል አድራጊ የጠላቱን ቍጥር ማብዛት ልማዱ ስለ ሆነ ከዚህ ላይ ጥቂት ቢቀነስ ክፋት የለውም። ማሸነፉ ግን እርግጥ ነው። ጋሪዎችን በጠፍር አያይዞ እንደ ቅጥር አቆመ፤ ከጋሪዎቹ ኋላ መድፍና ጠመንጃ አሰለፈ፤ ፈረሰኞቹም በግራና በቀኝ ዞረው ከበቡ። ገና እኩለ ቀን ላይ ሱልጣኑ ወድቆ ነበር።

ነገር ግን መግባት ሌላ፥ መቈየት ሌላ ነው። ባቡር በ1530 ሞተ። ልጁ ሁማዩን በ1540 በአፍጋኑ በሼር ሻህ ድል ሆኖ አገሩን ለቀቀ፤ ወደ ፋርስም ተሰደደ። በ1555 ተመልሶ ዴልሂን ቢይዝ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ከመጻሕፍት ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ሁማዩን የወረሰው መድፍ ያው የአባቱ መድፍ፥ ፈረሱም ያው ፈረስ ነበረ፤ የጐደለው ሌላ ነገር ነው። ያንን የጐደለውን ፈልጎ ያገኘው በ13 ዓመቱ የነገሠው የሁማዩን ልጅ አክባር ነበረ። አክባር ከ1556 እስከ 1605 ድረስ ገዛ። ማንበብና መጻፍ እንደማይችል ይነገርለታል፤ መጻሕፍቱን ሌሎች ያነቡለት ነበር። ይሁን እንጂ የመዝገብን ኃይል እንደ እርሱ የተረዳ ንጉሥ በዘመኑ ጥቂት ነው።

አክባርን በመጀመሪያ ያስቸገሩት ሕንዶች ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቹ ነበሩ። ከመካከለኛው እስያ የመጡት መኳንንት፥ በተለይም የኡዝቤክ አለቆች፥ ንጉሡን እንደ ጌታ ሳይሆን እንደ እኩያ ይቈጥሩት ነበርና ከ1564 ጀምሮ ዐመፁበት። ንጉሡም በአንድ ወገን ብቻ የተደገፈ ዙፋን የዚያ ወገን እስረኛ መሆኑን ዐወቀ። ስለዚህ ፋርሶችን፥ የሕንድ ተወላጅ የሆኑትን ሙስሊሞች፥ ከሁሉም በላይ ራጅፑት የሚባሉትን የሂንዱ ባላባቶች ወደ ቤተ መንግሥቱ ማስገባት ጀመረ።

በ1562 የአምበር ባላባት ራጃ ባርማል ልጁን ለአክባር ዳረለት። ጋብቻስ በነገሥታት ዘንድ የቈየ ብልኀት ነው፤ አዲሱ ነገር ከጋብቻው በኋላ የሆነው ነው። የባርማል ቤት የአባቶቹን ምድር እንደ ያዘ ቀረ፤ ሃይማኖቱንም አልለወጠም፤ ወንዶቹም በንጉሡ ሠራዊት ውስጥ ከፍተኛ ማዕርግ አገኙ። የባርማል የልጅ ልጅ ማን ሲንግ የካቡል፥ ኋላም የቤንጋል አገረ ገዥ እስከ መሆን ደረሰ። በ1563 የሂንዱ ተሳላሚዎች ይከፍሉት የነበረው ቀረጥ፥ በ1564 ደግሞ ሙስሊም ያልሆነው ሕዝብ ይከፍለው የነበረው ጂዝያ የተባለው ግብር ቀረ።

ይህን ሰምቶ አክባርን እንደ ርኅሩኅ ጻድቅ የሚገምት አንባቢ ቢኖር የቺቶርን ነገር ደግሞ ይስማ። የሜዋር ራጅፑቶች አንገብርም ስላሉ አክባር ራሱ በ1567 ዘምቶ ምሽጋቸውን ቺቶርን ከበበ። በ1568 በየካቲት ወር ምሽጉ ሲሰበር ብዙ ሴቶች እጅ ከመስጠት ብለው እሳት ውስጥ ገብተው ሞቱ፤ ንጉሡም በምሽጉ ውስጥ የተገኘው ሕዝብ እንዲፈጅ አዘዘ። የሞተው ሰው ወደ 30,000 እንደሚደርስ የጻፈው ጠላቱ ሳይሆን የገዛ ታሪክ ጸሓፊው አቡል ፋዝል ነው። እንግዲህ ማዕርግና ሰይፍ ጐን ለጐን ይሄዱ ነበር። ለሚገባ ሰው በሩ ክፍት ነው፤ አልገባም ላለው ግን የቺቶር ወሬ አስቀድሞ ደርሶታል።

ከስምንት ዓመት በኋላ፥ በ1576፥ የሜዋሩ ገዥ ፕራታፕ ከአክባር ጦር ጋር በሃልዲጋቲ ተዋጋ። የአክባርን ጦር የመራው ሂንዱው ማን ሲንግ ነው። ከሂንዱው ከፕራታፕ አለቆች መካከል ደግሞ ሐኪም ካን ሱር የተባለ አፍጋን ሙስሊም ተሰልፎ ነበር። ይህን ጦርነት የሁለት ሃይማኖቶች ጦርነት አድርጎ የሚተርክ ሰው ሰልፉን በደንብ አልተመለከተም። የነበረው ጠብ በገባውና ባልገባው፥ በጠገበውና በኰራው መካከል ነው።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንግባ። አክባር የመንግሥቱን ሹማምንት ሁሉ፥ ጦረኛውንም ሆነ ሒሳብ ያዡን፥ በአንድ መሰላል ላይ አቆማቸው። ማዕርጉ መንሰብ ይባላል፤ የሚለካውም በቍጥር ሆኖ ከ10 ጀምሮ እስከ 10,000 ይደርሳል፤ የላይኞቹ ለንጉሡ ልጆች የተጠበቁ ናቸው። ቍጥሩ የሹሙን ደመወዝና የሚያሰልፈውን ፈረሰኛ ብዛት ይወስናል። ቱርኩም፥ ፋርሱም፥ ራጅፑቱም፥ አፍጋኑም በዚሁ በአንዱ መሰላል ይወጣሉ። ማዕርጉ በሕግ ለልጅ የማይወረስ ስለ ሆነ አባቱ 5,000 የነበረ ሰው ራሱን ከታች ጀምሮ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሹም ዐይን ከጐረቤቱ ይልቅ ወደ ላይኛው እርከን ይመለከት ነበር። እድገት የሚጠብቅ ሰው ለማመፅ ጊዜ የለውም።

ከሹማምንቱ የሚበዙት ደመወዛቸውን የሚቀበሉት በጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ ጃጊር በሚባል ሥርዐት የአንድ ወረዳ ግብር ይመራላቸው ነበር። በአገራችን የነበረውን የጉልትን ነገር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ የተሰጠው ግብሩ እንጂ መሬቱ አይደለም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። የሙጋል ሹም በሦስትና በአራት ዓመት ከጃጊሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ ይዛወራል፤ በአንድ ስፍራ ሥር ሰድዶ፥ ሕዝቡን ወዳጅ አድርጎ፥ ምሽግ እንዳይሠራ ነው። እንደ ባርማል ቤት ያሉት ባላባቶች የአባቶቻቸውን ምድር እንዲይዙ ቢፈቀድላቸውም ተጨማሪው ጃጊራቸው ሩቅ አገር ይሰጣቸው ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የእያንዳንዱ ወረዳ ግብር በትክክል ሲታወቅ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ስሙ የሚነሣው ሂንዱው የገንዘብ ሹም ቶዳር ማል ነው። ቶዳር ማል ቀደም ሲል ሁማዩንን ያባረረውን ሼር ሻህን ያገለገለ ሰው ነበረ፤ አክባር ግን የጠላቱን ሒሳብ ዐዋቂ ከመግፋት ይልቅ ለራሱ ቀጠረው። እርሱም በሰሜኑ ግዛት መሬቱን አስለካ፤ የዐሥር ዓመት ምርትና የገበያ ዋጋ አሰብስቦ አማካዩን አወጣ፤ በ1580 ከዚህ አማካይ ሲሶው ለመንግሥት በገንዘብ እንዲከፈል ተወሰነ። ከዚያ በፊት መሬት የሚለካው በገመድ ነበር። ገመድ ደግሞ ሲርስ ያጥራል፥ ሲደርቅ ይረዝማል። ባጠረ ገመድ የተለካ የባላገር ማሳ በመዝገብ ላይ ሰፍቶ ይታያል፤ ግብሩም እንደዚያው ያድጋል። በዚህ ምክንያት ገመዱ ቀርቶ በብረት ቀለበት የተያያዘ ቀርከሃ መለኪያ እንዲሆን ታዘዘ። የፈረሱም ሒሳብ እንዲሁ ነው። አንዳንድ ሹም በሰልፍ ቀን ፈረስ ተውሶ ያሳይና ደመወዙን ተቀብሎ ፈረሱን ለባለቤቱ ይመልስ ነበር። አክባር ፈረሶቹ ሁሉ በእሳት ማተብ ምልክት እንዲደረግባቸው፥ የፈረሰኛውም መልክ በመዝገብ እንዲጻፍ አዘዘ። ትእዛዙ መኳንንቱን ምን ያህል እንዳስቈጣ መገመት አያስቸግርም!

የመዝገቡ ቋንቋ ፋርስኛ ሆነ። ፋርስኛ የሕንድ ባላገር ቋንቋ አይደለም፤ የባቡርም የእናት ቋንቋ ቱርክኛ ነበር። ነገር ግን ከብዙዎቹ የአገሩ ቋንቋዎች አንዱን ከሌላው ሳያስበልጥ ከካቡል እስከ ቤንጋል አንድ ደብዳቤ እንዲነበብ አስቻለ። ካያስታና ካትሪ የሚባሉት የሂንዱ ጸሓፊ ቤተ ሰቦች ልጆቻቸውን ፋርስኛ አስተማሩ፤ በጥቂት ትውልድም ጽሕፈት ቤቶቹን ሞሉ። ንጉሡ ደግሞ በበኩሉ የሂንዱዎችን ታላቅ መጽሐፍ ማሃባራታን ወደ ፋርስኛ አስተረጐመ፤ በ1575 ባሠራው አዳራሽ ውስጥ በመጀመሪያ ሙስሊም ሊቃውንትን፥ ኋላም ሂንዱዎችን፥ ጃይኖችን፥ ከጎዋ የመጡ ኢየሱሳውያንን ሳይቀር ፊት ለፊቱ አከራከረ። ይህ የዕውቀት ፍቅር ነው ቢባል እውነት ነው። የመንግሥት ጥበብ ነው ቢባልም እውነት ነው፤ የሁሉም ዳኛ የሆነ ንጉሥ የአንዳቸው ብቻ ንጉሥ አይደለምና።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ባላባቱ፥ ስለ ጦረኛውና ስለ ጸሓፊው ነው። ገበሬውስ? ገበሬው በዚህ መሰላል ላይ አንድም እርከን አልነበረውም። በሕግ ሲሶ የተባለው ግብር በብዙ ስፍራና በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ወደ ግማሽ ወጣ። በሦስት ዓመት የሚነሣ ሹም ጕድጓድ አያስቈፍርም፤ ዛፍም አይተክልም፤ እርሱ ሲሄድ የሚመጣው ሌላ ነውና። ከ1658 በኋላ በሕንድ የቈየው ፈረንሳዊ ሐኪም ፍራንስዋ ቤርኒዬ ይህንኑ ነገር አጥብቆ ነቅፎ ጽፎታል። ከ1630 እስከ 1632 በጉጃራትና በደካን ክፉ ረኃብ ገብቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ዓለም የሚያደንቀው የታጅ ማሃል ሥራ የተጀመረው በዚያው ዘመን፥ በ1632 ነው። የሕንፃውን ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው ሁለቱን ዘመኖች ጐን ለጐን ቢያስቀምጥ የዚያን መንግሥት ሙሉ መልክ ያገኛል።

በደቡብ፥ ደካን በሚባለው አምባ፥ ይህ ሁሉ ጥበብ እንቅፋት ገጠመው። እንቅፋቱም ቃል የገባሁላችሁ ሰው ነው። በ1548 ግድም በኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ፤ በባግዳድ በኩል አልፎ ወደ ሕንድ ተወሰደ። በአሕመድናጋር የገዛው ቸንጊዝ ካን የተባለው ሹም ራሱ ሐበሻ ነበረ። ጌታው ሲሞት ነጻ ወጣ፤ ወታደር፥ ከዚያም የጦር አለቃ ሆነ። ይህ ሰው ማሊክ አምባር ይባላል። በ1600 የሙጋል ጦር የአሕመድናጋርን ምሽግ ሲይዝ አምባር ከንጉሡ ቤተ ሰብ አንዱን በሌላ ስፍራ አነገሠ፤ ራሱም እንደራሴ ሆኖ እስከ 1626፥ እስከ ሞቱ ድረስ፥ አገሩን ጠበቀ። ፊት ለፊት ከመጋጠም ይልቅ ቀላል ፈረሰኞችን ልኮ ስንቅ ያስቈርጥ፥ በሌሊትም ይወርር ነበር። ፈረሰኞቹ የአገሩ ሰዎች ማራታዎች ነበሩ። የአክባር ልጅ ንጉሥ ጃሃንጊር በንዴቱ ብዛት፥ በአምባር የተቈረጠ ራስ ላይ ቀስት ሲወረውር የሚያሳይ ሥዕል አስሥሏል። ራሱ የተቈረጠው ግን በሥዕል ብቻ ነው! አምባር በሰማንያ ዓመቱ ግድም በደኅና ሞተ።

ልብ በሉ፤ አምባር የተዋጋው በሙጋሎች መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ በሙጋሎች ጥበብም ነው። እርሱም ምድሩን አስለክቶ ግብሩን በመዝገብ ወሰነ፤ እርሱም ከወገኑ ውጭ ያለውን ሕዝብ ለማዕርግ አበቃ። ከአምባር ጋር ከተሰለፉት የማራታ አለቆች አንዱ ሻህጂ ይባላል። የሻህጂ ልጅ ሺቫጂ ነው።

ሺቫጂንና ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብን ያገናኘው ታሪክ የመንግሥቱን መውደቂያ ያሳየናል። አውራንግዜብ በ1658 አባቱን ሻህ ጃሃንን አስሮ ነገሠ። በ1666 ሺቫጂ ወደ አግራ ቤተ መንግሥት መጥቶ ሲሰለፍ ለክብሩ የማይመጥን ስፍራ ተሰጠው፤ በአደባባይ ተቈጣ፤ በቍም እስር ቢቀመጥም አምልጦ ሄደ። በ1674 በአገሩ ዘውድ ጫነ። አውራንግዜብ በ1679 አክባር ያስቀረውን ጂዝያ መለሰ፤ በዚያው ዓመት ከራጅፑቶች ጋር ተጣላ፤ ከዚያም ሠራዊቱን ይዞ ወደ ደካን ወረደ። ቢጃፑርን በ1686፥ ጎልኮንዳን በ1687 ያዘ። የመንግሥቱ ወሰን እንደዚያ ሰፍቶ አያውቅም።

ብዙ ሰው ለውድቀቱ ምክንያት የሃይማኖቱን ጥብቅነት ብቻ ይጠቅሳል። ነገሩ ከዚህ የጠለቀ ነው። በዘመኑ መጨረሻ ከከፍተኛ ሹማምንቱ ሲሶ ያህሉ ሂንዱዎች ነበሩ፤ ይህም ከአክባር ዘመን የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ችግሩ ማዕርጉ መብዛቱና ጃጊሩ ማነሱ ነበር። የተሸነፈውን የደካንን መኰንን ሁሉ ለማስደሰት መንሰብ ይሰጠዋል፤ ለመንሰቡ የሚሆን ግብር ግን ጦርነት ካራቈተው አገር አይገኝም። ሹሙ ማዕርጉን በወረቀት ተቀብሎ ጃጊሩን ዓመታት ይጠብቃል፤ ያገኘውም ነገ እንዳይነጠቅ ፈርቶ ገበሬውን ያራቍታል። ገበሬው ሸፈተ፤ ሸፍታውም ከማራታው ጋር ተቀላቀለ። አውራንግዜብ ሃያ አምስት ዓመት በድንኳን ኖሮ በ1707 በአሕመድናጋር ሞተ። ማሊክ አምባር የቈረቈራትን የኪርኪን ከተማ አውራንጋባድ አሰኝቷት ነበር፤ በ2023 ደግሞ የሕንድ መንግሥት ስሟን ለውጦ እርሱ በ1689 ባስገደለው በሺቫጂ ልጅ በሳምባጂ ስም ጠራት።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በ1739 የፋርሱ ናዲር ሻህ ዴልሂን ዘረፈ። በ1765 ንጉሠ ነገሥት ሻህ ዓለም ሁለተኛ የቤንጋልን፥ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ለእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰጠ፤ ኩባንያው ለንጉሡ በዓመት 2,600,000 ሩፒ ሊከፍል ተዋዋለ። ኩባንያው ዙፋኑን አልጠየቀም። የጠየቀው መዝገቡን ነው። ውሉን የተዋዋለው ሮበርት ክላይቭ በ1744 ማድራስ የደረሰው በኩባንያው ዝቅተኛ ማዕርግ፥ በጸሓፊነት ተቀጥሮ ነበር። ኩባንያው የሙጋሎችን የፋርስኛ መዝገብ እስከ 1837 ድረስ ይሠራበት ነበር፤ ለስሙ ያህል የቀረውም የመጨረሻው ንጉሥ በ1858 ወደ ራንጉን ተሰደደ።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። ሙጋሎች አገሩን የገቡበት በሰይፍ ነው፤ የቈዩበት ግን ለባላባቱና ለጸሓፊው ከመንግሥቱ ድርሻ በመስጠት፥ ድርሻውንም በሚታመን መዝገብ በማስላት ነው። ድርሻው ሲያልቅና መዝገቡ ሲዋሽ ሰይፉ ብቻውን ቀረ፤ ሰይፍ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ሺቫጂም፥ ናዲር ሻህም፥ ክላይቭም ሰይፍ አላቸው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለገበሬው የደረሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ዝናብ ቢመታው የማያጥረው የቀርከሃ መለኪያ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ነገር ግን በየጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ለተቀመጥንና ነገም ለምትቀመጡት ተማሪዎች፥ የንጉሡ ፈረስና መድፍ ከእጃችን የራቀ ሲሆን፥ መለኪያው ግን በእጃችን ነው። በገመድ ወይም በቀርከሃ መለካት የዚያ ዘመን ትንንሽ ጸሓፊዎች የየቀን ሥራ ነበረ፤ የብዙ ሰው ቤትም የቆመውና የፈረሰው በዚያ ነው።